ማስተካከያ፦ የዘፋኝነት ተሰጥኦና ዕድሜ

ስለ ልጆች ተሰጥኦ ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ «የዘፋኝነት ተሰጥኦ እስከ 7 ዓመት ካልታየ ከዚያ በኋላ አይመጣም» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበር። ትክክል ስላልሆነ ወጥቷል።

ከልጅነት ሥልጠና ጋር በጥብቅ የተያያዘው ሌላ ችሎታ ነው፤ አንድን ድምፅ ያለ ማነጻጸሪያ ሰምቶ የትኛው ኖታ እንደሆነ መናገር። ይህ ያላቸው አብዛኞቹ ሰዎች ሙዚቃ የጀመሩት ገና ትንሽ ሳሉ ነው። ለመዝፈን ግን የግድ አያስፈልግም፤ ያለሱ የሚዘፍኑ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። ዘፋኝ የሚፈልገው በድምፆች መካከል ያለውን ርቀት መለየት ነው፤ ይህን አዋቂም በልምምድ ያዳብረዋል።

ድምፁ ራሱም በ7 ዓመት አያልቅም። በጉርምስና ማንቁርት ያድጋል፣ የድምፅ አውታሮች ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉም፤ የወንዶች ድምፅ በአንድ ኦክታቭ (ከአንድ ኖታ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ስም ያለው ኖታ ድረስ ባለው ርቀት) ገደማ ይወርዳል። በ8 ዓመቱ የተወደሰ ድምፅ በ15 ዓመቱ ሊሻክር ይችላል፤ የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። (ወላጆች ለመፍረድ ባይቸኩሉ ይሻላል።)

እንግሊዛዊቷ ካትሊን ፌሪየር በልጅነቷ የምትታወቀው በፒያኖ ነበር፤ በስልክ ኦፕሬተርነትም ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ1937 በካርላይል የሙዚቃ ውድድር ለመዝፈን የተመዘገበችው ከባሏ ጋር ተወራርዳ ነው። በፒያኖም በዘፈንም አሸነፈች፤ ከዘመኑ ታላላቅ ድምፃውያን አንዷ የሆነችውም ከዚያ ወዲህ ነው። አሜሪካዊው ቢል ዊዘርስ ደግሞ ባሕር ኃይል አገልግሎ፣ ፋብሪካ ሠርቶ፣ የመጀመሪያ አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲወጣ 32 ዓመቱ ነበር።

በልጅነት መጀመር እንደሚጠቅም የሚገልጸው የጽሑፉ ክፍል አልተለወጠም።