ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው

የተበደረው እሱ። የማፍረው እኔ። ይሄ ነገር እንዴት ነው?

ጥር ላይ ነው። ለዕቁብ የምከፍለው ጎደለኝ ብሎ ደወለልኝና 4,000 ብር በቴሌብር ላኩለት። «በሳምንት እመልሳለሁ» ነበር ያለው። ሳምንቱ አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ክረምቱ እየወጣ ነው። እኔ በየጊዜው እደውልና «ሰላም ነህ?» ብዬ እዘጋለሁ። የብሩን ነገር ማንሳት አቃተኝ።

ባለፈው እሁድ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ቤቴ መጣ። አዲስ ጫማ አድርጓል። ቡናውን እስከ በረካ ጠጣ፣ ፈንዲሻውን ጠራረገው። ከዚያ «ወንድሜ፣ 2,000 ብር ትሞላልኛለህ?» አለኝ። የፊተኛውስ ስለው ምን ቢል ጥሩ ነው? «አንተ ደግሞ! ያቺን እስካሁን ታስባለህ እንዴ?»

ያቺን! 4,000 ብር «ያቺ» ሆነች።

ሌሊቱን ስም ስፈልግለት አደርኩ። በስድብ አማርኛ አይታማም። ዓይን አውጣ። ዓይነ ደረቅ። ፈጣጣ። ሁሉም ዓይን ላይ ነው የሚዞረው፤ የሚያፍረውንም ዓይናፋር ነው የምንለው። የኔው ሰውዬ ግን ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የጠየቀኝ። ሐፍረተ ቢስ የመጽሐፍ ቋንቋ ሆነብኝ፣ ማዕረግ የሰጠሁት ይመስላል። «ሼም የለህም» ደግሞ ቀለለብኝ። ደፋር? እሱንማ እንዳትሞክሩት። ደፋር ለአርበኛም ይባላል፣ ለታላቁ መልስ ለሚሰጥ ልጅም ይባላል። ይሄኛው የቱን መርጦ እንደሚወስድ ታውቃላችሁ። (እናቴ «አንተ ደፋር!» ስትለኝ የቱን ማለቷ እንደሆነ ግራ ገብቶኝ አያውቅም። ቁንጥጫው ይከተል ነበር።)

በመጨረሻ ይሉኝታ ቢስ ላይ ደረስኩ። ልክ እሱን! ግን ቃሉን ስፈታው ደሜ ፈላ። ይሉኝታ እኮ «ምን ይሉኛል» ነው። ምን ይሉኛል እያለ ሰባት ወር አፉን የዘጋው ታዲያ ማነው? እኔ! እሱ የሚበላው ብሬን ብቻ አይደለም፣ ይሉኝታዬንም ነው። ይባስ ብሎ ለጋራ ጓደኛችን ብነግረው «ኮንፊደንሱን ግን ወድጄለታለሁ» አይለኝ መሰላችሁ! በሰው ብር ኮንፊደንስ!

ላክህለት ወይ ትሉኝ ይሆናል። አትስደቡኝ፣ 1,000 ላኩለት።

«ቀሪውስ?» ብሎ ጻፈልኝ።