ንጉሥ አይጣልም ያለህ ማነው?

ገና ከጎንደር ፒያሳ መመለሴ ነው፣ ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው። የፖከር ጠረጴዛውንም ሰዎቹንም ታውቋቸዋላችሁ። የዛሬው ተረኛ ያ ዝምተኛው ልጅ ነበር። በእጁ ሁለት ንጉሥ ይዞ ካርታውን ጣለ ብለው ሲያበሻቅጡት አመሹ።

«አንተ ልጅ፣ ንጉሥ ነው የጣልከው?»
«አዎ ጋሼ፣ አስ ወርዷል እኮ፣ ከንጉሥ ይበልጣል።»
«ፈራሁ በላ!»
«እርስዎ ቢሆኑ በምን ያሸንፉ ነበር?»
«በእግዜር!»

ቤቱ አውካካ።

በእግዜር! እስኪ የምንወራረድበትን ሽምብራ እንቁጠረው። አራት ሰው 30፣ 30 አዋጥቶ መሃል 120 አለ። ፍሎፑ (መሃል ለሁሉም የሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች) አስ፣ ዘጠኝ፣ አራት። አንዱ 80 ወረወረ፣ ሌላው 240 አደረገው። ልጁ ለመቀጠል 240 ይከፍላል፣ ከከፈለ ፖቱ (መሃል የተከማቸው ሽምብራ) 680 ይሆናል። እንግዲህ እንዲያዋጣው ከ100 ጊዜ 35ቱን ማሸነፍ አለበት። አስ የያዘ ሰው ካለ ደግሞ የአስ ጥንድ ሆኖለታል፣ ልጁን የሚያድኑት የቀሩት ሁለት ንጉሦች ብቻ ናቸው፤ ተርንና ሪቨሩን (አራተኛውንና አምስተኛውን ካርታ) በነጻ ቢያይ እንኳ ከ100 ወደ 8 ቢሆን ነው። 35 ተፈልጎ 8!

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሪቨሩ ላይ ንጉሥ ዱብ! «አየህ! አየህ!» እያሉ ጣታቸውን አፍንጫው ላይ ቀሰሩ። ከ8ቱ አንዷ ዛሬ ደረሰች፤ የ92ቱን ወሬ ማን ያወራል?

ጎንደር ተወልዶ ይህን አለማወቅ ደግሞ! ዘመነ መሳፍንትን ረሳችሁት? 80 ምናምን ዓመት ሙሉ ንጉሡ እዚሁ ዘውድ ደፍቶ ተቀምጦ፣ አገሩን የሚያዘው ራስ እከሌ ነበር። አስ ሲወርድ በእጅህ የያዝከው ያንን ንጉሥ ነው።

ንጉሥ ጥንድ ይዘህ ፍሎፑ ላይ አስ የሚወርደው ከ100 ወደ 23 ጊዜ ነው። ንግሥት ከሆነች የሚበልጣት ካርታ 41 ጊዜ ይወርዳል፣ ጃክ ከሆነ 57። አስና ንጉሥማ፣ ያ እየሳማችሁ የምታስቀምጡት እጅ፣ ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ፍሎፑ ላይ ጥንድ እንኳ አያገኝም። ባለፈው ቅዳሜ አስ ጥንድ ይዞ አምስት ሰው የገባበት ሰውዬ ትዝ አይላችሁም? አስ ጥንድ አንድ ሰው ላይ 85 በመቶ ነው፣ አምስት ሰው ላይ 49። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ ሁሉም ስፔድ ወረደ፤ የሌላ ሰው ፍላሽ (አምስት አንድ ዓይነት ካርታ) ደጅ ላይ ነው። «አስ እኮ ነው!» እያለ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ከፈለ። የራሱ አስ አንዱም ስፔድ አልነበረም!

ፍሎፕ ሳይወርድ ንጉሥ ጣሉ አላልኩም፣ ቃሌን እንዳታጣምሙ። አንድ ሰው ብቻ ሆኖ 120 ላይ 40 ቢወረውር 20 በመቶ ይበቃሃል፤ አስ ባይኖረውስ? ክፈለው። አንዱ በሌላው ላይ ሲጨምርበት ግን፣ ያውም ማታውን ሙሉ ካርታ እየጣለ ሻይ ሲጠጣ የነበረ ሰው ሲጨምር፣ ምን ትጠብቃለህ? አስና ዘጠኝ ነበረው፣ አሳየ እኮ!

እንጃ፣ ለማን ነው የምናገረው። ነገም ያው ሽለላ ነው። መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ እያየን፣ ልቡን ከዳይመንዱ መለየት አቅቶት «ፍላሽ አለኝ» የሚል ሰው ነው ልጁን ጨዋታ ላስተምርህ ያለው።

ደግሞ ልጁ ከጣለ በኋላ ሁለቱ ሲቀጥሉ ፖቱ 600 መሆን ነበረበት፣ ከዚያ ወዲያ የጨመረ የለም። ሲቆጠር 583። 17 ሽምብራ የቆረጠማችሁ ሰውዬ፣ ነገ ቆሎ ከቤትህ ይዘህ ና።