የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ጋራዡን አታንኳኩ

ወገኖቼ፣ ቅዳሜ ማታ ፊታችሁን አቧራ ሸፍኖት በደስታ የምትጮኹ የአፈር መም የመኪና ውድድር ሰዎች፣ ዛሬ ላስደስታችሁ አልመጣሁም።

ባለፈው የውድድር ዘመን ወዳጆቻችንን ቀብረናል። በወጉ በኩል ማንም አይወቅሰንም። ከመጀመሪያው ረድፍ የውስጠኛውን ቦታ ባዶ ትተን መኪኖቹን በዝግታ አዞርን፤ ቆባችንን አውልቀን አለቀስን፤ የሟቾቹን የመኪና ቁጥር በተለጣፊ አሳትመን በየመኪናችን ላይ ለጠፍን። እንባው እውነተኛ ነበር፤ አይቻለሁ። ነገር ግን ከአንዱ ቀብር በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከመካከላችን ሁለት ሰዎች ፒካፕ መኪና አስነሥተው ወደ ሟች ቤት ሄዱ። የሄዱት ለማጽናናት አልነበረም። ጋራዡን አስከፍተው ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ክሪኩን፣ ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ አንድ በአንድ ያጠራቀመውን መፍቻ ሁሉ ጫኑ። ዋጋውን የተመኑትም ራሳቸው ናቸው። «ባለቤትሽ ቢኖር ለእኔ ከዚህም ቀንሶ ይሰጠኝ ነበር» አሏት። የውድድር ሞተር በስንት እንደሚሸጥ የማታውቅ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣች ሴት ምን ትመልስ? ፒካፑ ከግቢዋ ሲወጣ የባሏ ቁጥር የኋላ መስተዋቱ ላይ ተለጥፎ ነበር።

የእነዚያን ሰዎች ስም አልጠራም። ብጠራው ለእናንተ ዕረፍት ይሆናችኋል፤ «እነርሱ ናቸው» ብላችሁ ትገላገላላችሁ። ዕቃው ሲመጣ ግን ሁላችንም አይተነዋል። ኩሽኔታ ያጠረው ከዚያ ወስዷል። እኔም ሁለት ጎማ ስቀበል ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁም፤ ስለማውቅ ነው ያልጠየቅሁት።

የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ የሟችን ጋራዥ ማንኳኳት ነውር ነው። መርዳት ከፈለጋችሁ ሥራውን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ምረጡ፤ ቤተሰቡ ሲጠራቸው ብቻ ይሂዱ። ዕቃውን አንድ በአንድ ይመዝግቡ፤ ከመዝጋቢዎቹ አንድም ሰው አይግዛ፤ ዋጋው እንደ ገበያው ይሁን፤ ገንዘቡም በዚያው ቀን ቤተሰቡ እጅ ይግባ። ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ ልጆቹ ማስቀረት የሚፈልጉትን ይምረጡ። ከዚያ ሁሉ ዕቃ መካከል አንዱ ልጅ እጀታው የተበላ አሮጌ ካቻቢቴ ቢመርጥ አትከልክሉት፤ ያባቱ እጅ የዋለው እዚያ ላይ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሟቾቻችንን ስንቆጥር የምንጠራው መሪ የጨበጡትን ብቻ ነው። የውኃ ቦቴ ይነዳልን የነበረውን ሽማግሌ ስንቶቻችሁ ታስታውሱታላችሁ? ከቀትር ጀምሮ መሙ ላይ ነበር። ጥቂት ሸክላ ያነሣና በመዳፉ ይጨምቀዋል። ቢፈረካከስ «ጠምቶታል» ይላል፤ ጣቱ ላይ ቢጣበቅ ቆም ብሎ ፀሐዩንና ነፋሱን ያያል። ሸክላ አፈር ውኃ ሲበዛበት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ሲያንሰው ጥቂት ዙር ሳይሄድ አቧራው ተነሥቶ የኋለኛው ሾፌር የፊተኛውን ማየት ያቅተዋል። ጎማው መሬቱን ነክሶ፣ መኪናው ጎኑን ሰጥቶ ኩርባውን የሚያልፈው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለች ጥቂት እርጥበት ነው። ያችን እርጥበት የሚያውቃት እርሱ ነበር፤ እኛ ግን ባሸነፍን ቁጥር ሞተራችንን አመሰገንን። ሰውዬው ታምሞ አልጋው ላይ ሞተ፤ ስለዚህ ባዶ ቦታ አልተተወለትም፤ ቁጥርም ስላልነበረው ተለጣፊ አልታተመለትም። በቀጣዩ ዓመት ሜዳችን አቧራ ሲያጨስ ከረመ፤ እናንተም «ዘንድሮ አፈሩ ተበላሸ» አላችሁ። አፈሩ ምን አጠፋ? ያን ሁሉ ዓመት አጠገባችን ሲቆም «እንዴት ታውቀዋለህ? አስተምረኝ» ያለው አንድም ሰው አልነበረም።

በአሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት ኖክስቪል ያለው፣ ስፕሪንት የሚባሉት የአፈር መም የውድድር መኪኖች የዝና ሙዚየም ከሾፌሮቹ ጎን የመካኒኮችን፣ የመኪና ባለቤቶችንና የውድድር አዘጋጆችን ስም ያኖራል። በአገር ደረጃ የተቻለው ነገር በአንድ አጥር ውስጥ ለምንተዋወቅ ለእኛ እንዴት ከበደን?

ሐዘን ሥራ ሲሠራ አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1981 ፓትሪክ ዣክማር የተባለ ፈረንሳዊ ተወዳዳሪ በአሜሪካው የሚድ ኦሃዮ ሜዳ መኪና ሲሞክር ተጋጭቶ ሞተ። ገላውን ቀበቶው ይዞት ነበር፤ ጭንቅላቱን የያዘለት ግን አልነበረም፤ የራስ ቅሉ ከሥሩ ተሰበረ። ጓደኛው ጂም ዳውኒንግ፣ እርሱም ተወዳዳሪ ነበር፣ የባዮሜካኒክስ ምሁር ከነበረው ከአማቹ ከሮበርት ሃባርድ ጋር መከረ። ሁለቱ ትከሻ ላይ የሚያርፍ፣ ሄልሜቱን በማሰሪያ የሚይዝ የአንገት መደገፊያ ሠሩ። ለዓመታት ብዙ ሾፌሮች «ያጣብቀናል» እያሉ ናቁት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 ታዋቂው አሜሪካዊ ተወዳዳሪ ዴል ኧርንሃርት፣ በአፈር መም ላይ የጀመረ ሰው፣ ያን መደገፊያ ሳያደርግ በዴይቶና የውድድር ሜዳ ተጋጭቶ ሞተ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ውድድሩን የሚመራው ድርጅት፣ ናስካር፣ የአንገት መደገፊያን ግዴታ አደረገ።

እናንተስ? የወዳጃችሁን ቁጥር በር ላይ ለጥፋችሁ መደገፊያውን ጋራዥ ውስጥ ምስማር ላይ ሰቅላችሁታል። «ለአሥር ዙር ምን ያደርግልኛል?» የሚለውን ቃል ባለፈው ወር ብቻ ከሦስት ሰዎች ሰምቻለሁ። ግጭት ያናደደው ልጅ ከመኪናው ወርዶ ወደሚሮጡት መኪኖች ሲሄድ ደግሞ ከመቀመጫችሁ ተነሥታችሁ ታጨበጭቡለታላችሁ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 በኒውዮርክ ግዛት፣ ካናንዳይጓ በተደረገ የአፈር መም ውድድር የ20 ዓመት ወጣት በዚሁ አኳኋን ሞቷል። ከእንግዲህ የምታጨበጭቡ ከሆነ ለሟች ቆባችሁን አታውልቁ። በዚያ ጭብጨባ የምትሸኙት ሌላ ሟች ነው።

መጪው ቅዳሜ፣ በሩ ከመከፈቱ አንድ ሰዓት አስቀድሜ በዙር ቆጣሪዎቹ ክፍል ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ። የሞቱብንን ባንዲራ አውለብላቢዎች፣ መካኒኮች፣ በር ላይ ትኬት ይቆርጡልን የነበሩትን እናቶች፣ ሁሉንም በስማቸው ንገሩኝ። ምን ሥራ ያውቁ እንደነበር፣ ከማን ተማሩት፣ ለማን አስተማሩት፣ እርሱንም ጨምሩልኝ። የቦቴውን ሽማግሌ ስም በመጀመሪያው ገጽ ጽፌዋለሁ።

እሑድ ጠዋት ደግሞ የሁለቱን ጎማ ትክክለኛ ዋጋ ይዤ ወደ ሴትየዋ ቤት እሄዳለሁ። ከዚያ ጋራዥ የወጣ ዕቃ በእጁ ያለ ሰው ዕቃውን ወይም የጎደለውን ዋጋ ይዞ ይምጣ። ከሜዳው በር ላይ እጠብቃችኋለሁ።