መጽሐፉ ላይ እኮ እንዲህ አይደለም

አንድ ተወዳጅ የፋንታሲ መጽሐፍ ፊልም ሊሆን ነው የሚል ወሬ ሲሰማ፣ ነባር አንባቢው እልልታውንና እዬዬውን በአንድ ትንፋሽ ያወጣዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ «ምናለ ይሄ መጽሐፍ ፊልም በሆነ!» ሲል የኖረው እሱ ነው። «ማን ንኩት አላቸው?» የሚለውም እሱው ነው።

ሕመሙ የሚጀምረው ካሜራ ሳይነሳ፣ የተዋናዮቹ ስም ይፋ የሆነ ዕለት ነው። አንባቢው ጀግናውን በአካል ያውቀዋል፤ ቁመቱን፣ አረማመዱን፣ ሲናደድ የቀኝ ቅንድቡ ብቻ ከፍ እንደሚል። ደራሲው ስለ ቅንድብ አንድም ቃል አልጻፈም። ቅንድቡ የአንባቢው የራሱ መዋጮ ነው፤ ቢሆንም ገጽ ሊጠቅስልህ ይዳዳዋል። ደራሲው የጻፈውማ ከተነካ አያድርስ ነው! የሃሪ ፖተር ዓይን አረንጓዴ፣ ያውም ቁርጥ የእናቱን መሆኑን መጽሐፉ ደጋግሞ ይናገራል። ተዋናዩ ግን ዓይኑ ሰማያዊ ነው፤ ቀለም ያለው ሌንስ ቢሞከርለት ዓይኑን ስላስቆጣው ቀረ። ሌላው ሰው «ልጅ አይደል? ይማረው» ብሎ ያልፋል። ነባሩ አንባቢ ግን ለሥነ ጽሑፍ ሲባል ትንሽ ቢቃጠል ምን ነበረበት ባይ ነው።

ቀጥሎ ትሬለር፣ ማለትም የፊልሙ ማስታወቂያ ቅንጫቢ፣ ይለቀቃል። ሁለት ደቂቃ ተኩል ናት። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ስለሚያሳልፍ 3,600 ምስል መሆኗ ነው፤ አንባቢው እያስቆመ አንድ በአንድ ያያቸዋል። ሰይፉ በየትኛው ጎን ተንጠልጥሏል? ካርታው ላይ ወንዙ ወዴት ይፈሳል? ጥፋት ሳያገኝ እንቅልፍ አይወስደውም።

ዋናው ቁስል ግን ቆረጣው ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ገጽ ስክሪፕት በግምት አንድ ደቂቃ ፊልም ይወጣዋል። የሦስት ሰዓት ፊልም እንግዲህ 180 ገጽ ስክሪፕት ነው፤ መጽሐፉ ደግሞ ከሺህ ገጽ ያልፋል። አንባቢው ይህን ሂሳብ ይቀበላል፣ መቆረጥ እንዳለበትም ያምናል። የሚያብደው ምኑ ይቆረጥ ሲባል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የመጀመሪያው የሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ፊልም ላይ ቶም ቦምባዲል የለም። ጫካ ውስጥ እየዘፈነ የሚኖር፣ ሌላውን ሁሉ የሚያማልለው የታሪኩ አስማተኛ ቀለበት ምንም የማያደርገው ሰውዬ ነው፤ ቢወጣ ታሪኩ አይናድም። ዛሬም ድረስ ይለቀስለታል። ከአልቃሾቹ መካከል መጽሐፉን ሲያነቡ ዘፈኑ በመጣ ቁጥር ገጹን ዘለው ያለፉት ስንት እንደሆኑ ባይጠየቅ ይሻላል።

አትቁረጡ ብሎ የለመነም ልመናው ሰምሮለታል። ዘ ሆቢት፣ ወደ ሦስት መቶ ገጽ የምትጠጋዋ የልጆች መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 በሦስት ፊልም ተዘረጋች። መጽሐፉ ውስጥ የሌለች ታውሪኤል የምትባል ተዋጊ ተፈጠረች፤ ከአንድ ድንክ ጋርም ፍቅር ቢጤ ጀመራት። አንባቢው «አሁንስ ጎተቱት!» አለ።

ከቆረጡ አይቀር፣ የቆረጡትን ማስታወስም ነበረባቸው። የሃሪ ፖተር የክርስትና አባት ሲሪየስ ለሃሪ የሰጠው አስማተኛ መስታወት አምስተኛው መጽሐፍ ላይ አለ፤ አምስተኛው ፊልም ዘለለው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ሰባተኛው ፊልም ላይ ግን ስባሪው ሃሪ እጅ ላይ ዱብ አለ። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው «ይሄ ደሞ ከየት መጣ?» ሲል፣ የነባሩ አንባቢ የዓመታት ምኞት ይሞላል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማስረዳት ይጀምራል። ከመስታወቱ ተነስቶ አራተኛው ፊልም ላይ ይደርሳል፤ ርዕሰ መምህሩ ዳምብልዶር ስምህን ተወዳዳሪ መምረጫው ጽዋ ውስጥ አስገብተሃል ወይ ብሎ ሃሪን መጽሐፉ ላይ በእርጋታ ሲጠይቀው፣ ፊልሙ ላይ ግን እየተንደረደረ መጥቶ ጨምድዶ ይይዘዋል። «በእርጋታ» የምትል አንዲት ቃል እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሰው ስታጨቃጭቅ ኖራለች። ከኋላ አንዱ «እሽሽ!» ይላል። መጽሐፉን ያላነበበ መሆን አለበት።

ደራሲዎቹም ቢሆኑ አይሻሉም። የሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ደራሲ ቶልኪን ራሱ ከዚሁ መጽሐፉ የተዘጋጀ የፊልም ረቂቅ ተልኮለት እ.ኤ.አ. በ1958 ረዘም ያለ የነቀፋ ደብዳቤ ጽፏል፤ ንስሮቹን ያለ ቦታቸው አበዛችኋቸው የሚል ቅሬታም አለበት። ያ ፊልም ሳይሠራ ቀረ። ነባር አንባቢ ይህን ደብዳቤ ካገኘ በኋላ ነቃፊ መባሉ ቀርቶ ወራሽ የሆነ ይመስለዋል።

ከፊልሙ መልስ ዓይኑን ለማጠብ መጽሐፉን ከመደርደሪያ ያወርዳል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ጀግናው ይናገራል፤ ድምፁ የተዋናዩ ነው። አንባቢው ቆም ብሎ የድሮውን ፊት ሊጠራ ይሞክራል፤ አይመጣም። ጀግናው ወደሚናደድበት ምዕራፍ ዘሎ ይሄዳል፤ ቢያንስ ቅንድቡ አይጠፋም። ጀግናው ይናደዳል። ከፍ ያለው የግራው ነው።