ቴክሳስ ባለችበት ቀላል ዋንጫ የለም

አንድ ጽሑፍ በ2025/26 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሳውዝ ካሮላይና ኤስኢሲን (የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች የሚወዳደሩበትን ኮንፈረንስ) ያለ ተቀናቃኝ ትወስዳለች ይላል። ኧረ ቀስ! ቴክሳስ በ2024 ኮንፈረንሱን ከተቀላቀለች ወዲህ ነገሩ ተቀይሯል። በመጀመሪያ ዓመቷ ሁለቱም 15 አሸንፈው፣ 1 ተሸንፈው እኩል ጨረሱ። እርስ በርስም አንድ አንድ ጊዜ ተሸናነፉ። አንደኛውን ለመለየት በቴሌቪዥን ሳንቲም ተወረወረ፤ ለሳውዝ ካሮላይና ወጣላት። በኮንፈረንሱ የማጠቃለያ ውድድር ፍጻሜም የሳውዝ ካሮላይና አሰልጣኝ ዶውን ስቴሊ ልጆች ቴክሳስን 64 ለ45 አሸነፏት።

በ2025/26 ግን የሳውዝ ካሮላይናዋ ክሎይ ኪትስ ጉልበቷን ተጎድታ ከጨዋታ ውጪ ሆነች። የቡድን ጓደኛዋ ፉልዋይሊም ብላ ብላ እዚያው ተቀናቃኝ ቤት፣ ኤልኤስዩ ገባች! ከቅርጫቱ ሥር የምትጫወተው ረጅሟ ኬንያዊት ማዲና ኦኮት ወደ ሳውዝ ካሮላይና መምጣቷ ግን ትልቅ ነገር ነው። እኔም ለሳውዝ ካሮላይና አደላለሁ፤ ኮከቧን ማዲሰን ቡከርን የያዘች ቴክሳስ ግን በዋዛ አትለቅም።