ሁለት መስመር ግጥም ጎንደር ላይ ሲናቅ

ሰሞኑን ከተማችን ውስጥ ሊካሄድ የታሰበ አንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት የምዝገባ ቅጽ አውጥቷል። ቅጹ ላይ አንድ መስፈርት አለ። መድረክ ላይ ወጥቶ ለማንበብ ቢያንስ አንድ የታተመ መጽሐፍ ይዞ መቅረብ ግድ ነው። ለምን ተብለው ሲጠየቁ ከአዘጋጆቹ አንዱ የሰጡት መልስ ከቅጹ ባሰ። «በስልኩ ሁለት መስመር ጽፎ የሚለጥፍ ሁሉ ገጣሚ ነኝ እያለ አስቸገረን፤ ሁለት መስመር ሥነ ጽሑፍ አይደለም» አሉ። ስማቸውን አልጠራም። አንጋፋ ሰው ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ። ያሉትን ግን ማለፍ አልቻልኩም።

ሌላ ከተማ የተባለ ቢሆን እሺ፣ ባያውቁ ነው ብዬ በተውኩት። ይህ የተባለው ጎንደር ላይ ነው! ቅኔ ሳይሰማ በዓል በማይወጣበት ከተማ ቆሞ ሁለት መስመርን መናቅ ድፍረት ይጠይቃል። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ስንት ቤት (ስንኝ) ነው? ሁለት። የቅኔ ተማሪ ሀ ብሎ የሚጀምረው በእሱ ነው። ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ እያለ ይወጣና ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። መወድስ የሚዘርፍ፣ ማለትም በቃሉ የሚቀኝ ሊቅ ጉባኤ ቃናን «አጭር ነው» ብሎ ሲንቅ የሰማ አለ? እኔ አልሰማሁም። እንዲያውም በሁለት ቤት ሰምና ወርቁን ጠቅልሎ መጨረስ ምን ያህል ጭንቅ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚያቀርበው መጽሐፍ አሳትሞ አይደለም። አኩፋዳውን አንግቶ ቁራሽ ለምኖ የሚያድር ልጅ ነው። ቀን ላይ ሰው ከማይበዛበት ጥግ ይዞ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያ መምህሩ ፊት ይቀርባል። ቤቱ ከተሰበረ፣ ምሥጢሩ ከላላ እዚያው ይታረማል። የትናንቱን አሙቆ ቢያመጣ የሚሰማው የለም፤ የዛሬ ቅኔ የዛሬ ነው። ካማረ «ይበል!» ይባላል። አለቀ። የትኛው የቅኔ መምህር ነው «መጀመሪያ ያሳተምከውን አሳየኝ» ብሎ ልጅ ያባረረው? መምህሩ አስቀድሞ ይሰማል። ፍርዱ ከዚያ በኋላ ነው። የእኛ ኮሚቴ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። ሳይሰማ ፈረደ፣ ከፈረደም በኋላ ለመስማት አላሰበም።

ደግሞ የታተመ፣ የታተመ ይሉናል። ፋሲል ይህችን ከተማ መናገሻው ያደረጋት በ1628 ዓ.ም. ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። በዚያ ሁሉ ዘመን ጎንደር ሥነ ጽሑፍ አልነበራትም እንበል? በቤተ መንግሥቱ ግቢ፣ በቁስቋም፣ በደብረ ብርሃን ሥላሴ የተቀኙት ሁሉ ቅጽ ቢሞሉ ውድቅ ነበሩ ማለት ነው።

የቤተ ክህነቱ ነገር ይቅር፣ ዓለማዊውን አምጣ የሚለኝ ካለ አዝማሪ ቤት ይግባ። አዝማሪው ማሲንቆውን ገዝገዝ አድርጎ ሁለት ስንኝ ይጥላል፤ ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል። የቋራው ካሳ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲወድቁ የተገጠመችው ሁለት ስንኝ ይኸው እስከ ዛሬ ከአፋችን አልወረደችም። ሕፃን ሳይቀር ይላታል። ማን ገጠማት? አሳታሚዋ ማን ነበር? ስንት ኮፒ ተሸጠ?

አሁን ወደ መስፈርቱ ልምጣ። ዛሬ በአገራችን መጽሐፍ የሚያሳትመው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ደራሲው ራሱ ነው። ከደመወዙ ይቆጥባል፣ ዕቁብ ይጥላል፣ ከዘመድ ይበደራል፣ ስፖንሰር ይለምናል። የወረቀት ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ማተሚያ ቤት ደግሞ ከፍለህ ከመጣህ «ግጥምህ ደካማ ነው» ብሎ አይመልስህም፣ ሥራውም አይደለም። አርታዒ የሚባል ሰው ያላያቸው ስንትና ስንት መድበሎች ሽፋናቸው እያብረቀረቀ ይወጣሉ። አይኤስቢኤን አለው ቢሉኝም እሱ ቁጥር ነው፤ ቁጥር ግጥም አንብቦ አያውቅም። እንግዲህ ይህ መስፈርት የሚለካው ኪስን ነው። ቅጹ ላይ «የባንክ ደብተርዎን ኮፒ አያይዙ» ብለው ቢጽፉ ቢያንስ ሐቀኛ በሆኑ ነበር።

በስልክ የሚጻፈው አብዛኛው ውዳቂ ነው? ነው። የፍቅር ለቅሶ በዝቷል፣ ፊደል የማይለይም አለ። የታተመውስ? ምረቃው ላይ ኬክ ተቆርጦላቸው፣ አበባ ተበርክቶላቸው፣ ገጽ አሥር ሳይደርሱ የሚያስተኙ መጻሕፍት መደርደሪያዬ ላይ ተኮልኩለዋል። እነሱን የጻፉት ሁሉ በዚህ ቅጽ ያልፋሉ። ዝም ብለው ያልፋሉ!

የማያልፉትን ልንገራችሁ። አዘዞ መስመር ባጃጅ የሚነዳ አንድ ልጅ አለ፤ ስለ ተሳፋሪዎቹ አጫጭር ልብወለድ ይጽፋል። አንዷ ታሪኩ ውስጥ አንዲት እናት ሒሳብ ከፍላ ከወረደች በኋላ መልስ ልትቀበል ስትመለስ የምትለው ነገር አለ፤ አልነግራችሁም፣ ራሳችሁ አንብቡት። የሌሊት ተረኛ ሆና የምታድር ነርስ አለች። ስለ አባቷ የጻፈችውን ወግ ያነበብኩ ቀን ሥራ መግባት አቃተኝ። ማራኪ አካባቢ ደግሞ ያነበበውን መጽሐፍ ሁሉ እየተነተነ የሚጽፍ ተማሪ አለ። ማንም አይከፍለውም። መጽሐፉን ግን በትክክል ያነባል። ይህን የምለው የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ተጋብዘው፣ መግቢያውን ብቻ ገረፍ አድርገው አንድ ሰዓት የሚያወሩ ምሁራንን ስለማውቅ ነው።

እነዚህ ልጆች መድረክ የሰጣቸው የለም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሞባይል ዳታ ሲቋረጥ እንኳ አልቆሙም። በዚያን ሰሞን አጭር ልብወለድ በፍላሽ ሲዞር፣ በብሉቱዝ ከስልክ ስልክ ሲተላለፍ አይቻለሁ። አንባቢ ፈልጎ የሚያነበው፣ ለጓደኛው ካልሰጠሁ ብሎ የሚጨነቅበት ጽሑፍ ሥነ ጽሑፍ ካልሆነ፣ በካርቶን ታሽጎ አልጋ ሥር አቧራ የሚጠጣው ነው?

አለቃ ገብረ ሐናን ሰው የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው። ትልቁ ነገራቸው ግን ሌላ ነው። ጣና ላይ ሬማ መድኃኔ ዓለም ገዳም ሳሉ የሐይቁን ማዕበልና የደንገሉን ውዝዋዜ አይተው አዲስ የዝማሜ፣ ማለትም ካህናት መቋሚያ ይዘው በዜማ የሚወዛወዙበት ስልት አመጡ ይባላል። የጊዜው የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም። ልጃቸው ተክሌ ስልቱን ይዞ ደብረ ታቦር ገባ፤ እዚያ አስተማረው። ዛሬ የተክሌ ዝማሜ ሲባል የማያውቅ ካህን የት ይገኛል? የከለከሉትን ሰዎች ስም ግን እስቲ ጥሩልኝ። ጎንደር የገዛ ልጇን ሥራ ከደብረ ታቦር ተቀበለች። አሁን ደግሞ እነዚህን ልጆች ወደ አዲስ አበባ እየሸኘናቸው ነው፤ ነገ እዚያ ስም ሲያወጡ «የእኛ ልጅ ነው» ብለን ባነር እንሰቅልላቸዋለን።

አዘጋጆቹ «ሁሉንም ካስገባን ሌሊቱ አይበቃንም» ይላሉ። ሁሉንም አስገቡ ያለ የለም። ምረጡ! ግን አንብባችሁ ምረጡ። ስም ሸፍናችሁ ከእያንዳንዱ አንድ ገጽ ተቀበሉ። የታተመለትም ያልታተመለትም አንድ ላይ ይግባ። ሦስት ሰው ቁጭ ብሎ ያንብበው። ዳኛ ቸገረን ካላችሁ ይህ ከተማ በየደብሩ የቅኔ መምህር አለው፤ በጆሮው ብቻ ሰምቶ የቱ ስንኝ እንደሚያነክስ ይነግራችኋል። አበልም ብዙ አይጠይቅም።

ምዝገባው ገና አልተዘጋም ተብሏል። ቅጹ ላይ ያለችውን አንድ መስመር ለመሰረዝ አምስት ደቂቃ ይበቃል።