«ያው ነው ጋሼ» የሚለው መልስ መሮኛል

ይህን የምጽፈው ከፒያሳው ሱቅ እንደወጣሁ፣ ንዴቴ ሳይበርድ ነው። አልኮል የሌለው ወይን የጠየቀ ሰው በደሴ ከተማ እንደ ተከሳሽ ለምን እንደሚመረመር የሚያስረዳኝ ካለ ይንገረኝ። ሐኪሜ የምወስደው መድኃኒት ከአልኮል ጋር እንደማይስማማ ከነገረኝ ወዲህ መጠጥ ትቻለሁ፤ የናፈቀኝ ግን ሞቅታው ሳይሆን ከጥብስ ጋር ሲጠጣ ጎምዘዝ ብሎ አፍ የሚይዘው የቀይ ወይን ጣዕም ነው።

ሻጩ መጀመሪያ ያወረደልኝ ጠርሙስ፣ ጀርባውን ሳነበው፣ የወይን ጭማቂ ሆኖ ተገኘ። «ይህ ጭማቂ ነው፤ እኔ የጠየቅሁህ ወይን ነው» አልኩት። «ያው ነው ጋሼ፤ ሁለቱም የሚሠሩት ከወይን ነው» አለኝ። ሁለተኛውን አወረደ፤ በዚህኛው ላይ ከ0.5 በመቶ ያነሰ አልኮል እንዳለው በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። «ይህስ ምንም አልኮል የለውም?» ብዬ ስጠይቀው «ምንም የለውም፤ ሕፃን ልጅም ይጠጣዋል» ብሎ ማለልኝ። ጽሑፉን በጣቴ አሳየሁት። በዚህን ጊዜ ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጋሼ፣ የሚጠጡ ከሆነ ይጠጡ፤ የማይጠጡ ከሆነ ደግሞ ሚሪንዳ አለልዎት» አለኝ። ሱቁ በሙሉ ሳቀ። ያስተማርኩት ልጅ እንኳ ከመካከላቸው ቆሞ ይስቅ ነበር።

ያው አይደለም! ጭማቂ ጨርሶ ያልተብላላ ነው። አልኮል የሌለው ወይን ግን እንደማንኛውም ወይን በእርሾ ተብላልቶ አልኮል ካበጀ በኋላ አልኮሉ የሚወጣለት ነው። አልኮል በተለመደው የአየር ግፊት የሚፈላው በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ፣ ወይኑን እንዲሁ ቢጥዱት ተቀቅሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ ግፊቱን ዝቅ አድርገው በ30 ዲግሪ አካባቢ አልኮሉን ያተኑታል፤ እጅግ ደቃቅ በሆነ ማጣሪያ የሚለዩትም አሉ። አልኮሉ ሲወጣ መዓዛውንና ወዙን ይዞ ስለሚሄድ፣ ብዙ አምራቾች ጉድለቱን ለመሙላት ስኳር ይጨምሩበታል። እኅቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ እሷን ጋብዤ «ያው ነው» የተባልኩትን ብቀዳላት ተጠያቂው ማን ሊሆን ነው?

የ0.5 በመቶ ነገርም ቀልድ አይደለም። የተለመደው ወይን አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 14 በመቶ አልኮል ስላለው፣ ከዚያ አንጻር 0.5 ኢምንት መሆኑን አውቃለሁ፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግም አልኮሉ ለወጣለት ወይን የፈቀደው ጣሪያ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ኢምንት ማለት ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። ቅዳሜ ከእኔ ጋር ምሳ የሚበላው የልጅነት ጓደኛዬ ሙስሊም ነው፤ ያንን ጠርሙስ «ምንም የለውም» ብዬ ማዕድ ላይ ባስቀምጥ ኖሮ ጓደኛዬን አታልዬው ነበር። የሚጠጣውንና የማይጠጣውን የሚወስነው እሱ እንጂ ባለሱቁ አይደለም። እኛ ወሎዬዎች ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ድግስ ተቀምጠን ያደግን ሰዎች ነን። እናቶቻችን ከጠላው ጎን ቅሪቦና ብርዝ ሲያዘጋጁ፣ የትኛው ጋን ውስጥ ምን እንዳለ ሳይናገሩ ለማንም አይቀዱም ነበር። ፊደል ያልቆጠሩት እናቶቻችን ለእንግዳ እንዲህ ሲጠነቀቁ፣ የተጻፈ ነገር በእጁ ይዞ ማንበብ የሰነፈው ሻጭ በሰው ሃይማኖትና ጤና ላይ እንዲህ መቀለዱ ያንገበግበኛል።

ኮምቦልቻ የደረሰብኝም ከዚህ አይሻልም። አንድ ሆቴል አልኮል የሌለው ወይን ብሎ የቀዳልኝ በውሃ የተበረዘ ሽሮፕ ሲሆን፣ ያስከፈለኝ ግን ከአንድ ብርጭቆ ጉደር የበለጠ ነበር። አስተናጋጇን ጠርሙሱን እንድታሳየኝ ስለምናት ተቆጣች። የወንድሜ ልጅ ሠርግ ላይ ደግሞ አጎቴ ብርጭቆዬን አንስተው ካሸተቱ በኋላ «አንተ ልጅ፣ ወይ ጠጣ ወይ ተው፤ ምን መሃል ቤት ትቆማለህ?» አሉኝ። አጎቴ ናቸውና ዝም አልኩ። ሕመሜን በሠርግ ድንኳን ውስጥ ለሁሉም ሰው መተረክ ግዴታዬ አልነበረም። ሰው አልጠጣም ሲል «ለምን?» ብሎ ማፋጠጥ፣ ምትክ ሲፈልግ ደግሞ መሳቅ ከየት የመጣ ልማድ ነው? ደክሞኛል፤ ከእያንዳንዱ ሻጭና ከእያንዳንዱ ዘመድ ጋር መከራከር በእውነት ደክሞኛል።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቦ እውነቱን የሚነግር ሻጭ ያለበትን ሱቅ የምታውቁ፣ ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ ወይም ሐይቅ፣ እባካችሁ ቅዳሜ ሳይደርስ ጻፉልኝ።